«እውነት ኢትዮጵያዊት ነሽ?» አሉኝ

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፣

ዓምድዎን ማንበብ ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ጉዳዬ ለሰው ቀላል ሊመስል ይችላል። እኔን ግን እንቅልፍ ነስቶኛል።

43 ዓመቴ ነው። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። አሜሪካ ከመጣሁ 14 ዓመት ሆነኝ። የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ እሠራለሁ። የ13 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ፤ ለብቻዬ ነው የማሳድገው። የዛሬ ዓመት ተኩል ሐኪሜ «ስኳርሽ ጫፍ ላይ ነው፣ እንቅስቃሴ ጀምሪ» አለኝ። ስላይጎ ክሪክ በሚባል ጅረት ዳር በእግር መሄድ ጀመርኩ። ቆይቶ ዱብ ዱብ ማለት መጣ። ወደድኩት። የሦስት ወሩን አማካይ ስኳር የሚያሳየው ምርመራዬም ከ6.3 ወደ 5.8 ወርዷል።

ባለፈው መከር የሥራ ባልደረቦቼ 5 ኪሎ ሜትር ሩጫ አብረን እንመዝገብ አሉ። «አንቺማ ኢትዮጵያዊት ነሽ፣ ታኮሪናለሽ» ሲሉኝ እኔም ሞኟ ደስ አለኝ። አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ሻሽ ግንባሬ ላይ አስሬ ሄድኩ።

46 ደቂቃ ፈጀብኝ። ከኋላዬ የነበሩት አንዲት የሕፃን ጋሪ የምትገፋ እናትና ሁለት ሽማግሌዎች ብቻ ናቸው። ስደርስ የመጨረሻው መስመር ላይ የቆመውን ትልቅ የአየር ቅስት እያስተነፈሱት ነበር። ሙዙም አልቋል። ባልደረቦቼ ሜዳሊያቸውን አጥልቀው፣ ቡናቸውን ጠጥተው ይጠብቁኛል። አንዷ «እውነት ኢትዮጵያዊት ነሽ?» አለችኝ። ሁሉም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ያለቀስኩት መኪና ውስጥ ገብቼ ነው።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን የልጄ ነገር ነው። ሊያየኝ መጥቶ ነበር። ማታ ቤት ገብተን «እማ፣ ሁለተኛ ያንን ሻሽ አታድርጊው» አለኝ። ለምን ብዬ አልጠየቅኩትም። ፈራሁ።

አሁን ያው ሩጫ ከፋሲካ በኋላ እንደገና አለ። ባልደረቦቼ ሳይጠይቁኝ መዝግበውኛል። ጉልበቴን አሞኛል ልላቸው አስቤያለሁ። የማኅበር ጓደኞቼ ደግሞ «በዚህ ዕድሜ ምን ያሯሩጥሻል? ደግሞ ለሩጫ ገንዘብ ይከፈላል?» ይሉኛል። ጾሙም እየመጣ ነው፤ ጾሜን አልፈታም። ልሂድ ወይስ ልቅር? አገሬንስ አሰድቤ ይሆን?

ዘገምተኛዋ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

እህቴ፣

አንቺ እያልኩ ብጽፍልሽ ቅር እንደማይልሽ ተስፋ አደርጋለሁ። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው ሳቅኩ፤ የሙዙ ነገር ነው ያሳቀኝ፣ ይቅርታ። ልጅሽ ጋ ስደርስ ግን ሳቄ ቆመ። ስለ እሱ ብዙ የምለው አለኝ። በመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምርና እመለስበታለሁ።

አገሬን አሰደብኩ ወይ ብለሻል። እስቲ ወደ አገራችን ልውሰድሽ። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በኅዳር 1994 ዓ.ም. ሲጀመር 10 ሺህ ሰው ነበር የተመዘገበው። የመጀመሪያውን ውድድር ያሸነፈው ራሱ ኃይሌ ገብረሥላሴ ነው። ዛሬ ተሳታፊው ከ40 ሺህ በላይ ሆኗል። ከፊት የሚሮጡት አትሌቶች 10 ኪሎ ሜትሩን በ28፣ በ29 ደቂቃ ይጨርሱታል። ከእነሱ ኋላ ያለውን ሕዝብ አይተሽው ታውቂያለሽ? ይዘፍናል። ይጨፍራል። ከየሰፈሩ ውሃ ይረጭበታል። መንገድ ዳር ሙዚቃ ካለ ቆሞ እስክስታ ይወርዳል፣ ከዚያ ደግሞ ትንሽ ዱብ ዱብ ይላል። እኔ ራሴ አንድ ዓመት 1 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ፈጅቶብኛል፤ ሁለት ጊዜ ለጭፈራ ቆሜ፣ አንድ ጊዜ የጫማዬ ክር ተፈትቶ። ከእኔ ኋላ የነበረው ሰው መቁጠሪያ የለውም። ማንም «እውነት ኢትዮጵያዊት ነሽ?» አላለኝም። ሁላችንም ነበርና ኢትዮጵያዊ።

እና አንቺ በ46 ደቂቃ ስትገቢ በዚያ ሜዳ ላይ ከነበሩት ሁሉ ይበልጥ የአገርሽን ሰው ትመስዪ ነበር ማለቴ ነው። ችግሩ ያዩሽ ሰዎች አገርሽን የሚያውቁት በቴሌቪዥን መሆኑ ነው። ቴሌቪዥን የሚያሳየው ደግሞ ከፊት ያሉትን አሥር ሰዎች ነው።

እነዚያ አሥሩ ከየት ነው የሚመጡት? ደራርቱ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ፣ ጥሩነሽ የበቆጂና የአካባቢዋ ልጆች ናቸው። ኃይሌም ከዚያው ከአርሲ፣ ከአሰላ ነው፤ ትምህርት ቤት በየቀኑ እየሮጠ ይሄድ ነበር። ደብተር ይይዝበት የነበረው ክንዱ ትልቅ ሆኖ ሲሮጥም እንደታጠፈ እስኪቀር ድረስ። በቆጂ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ነው፤ አየሩ ስስ ነው፣ ልጆቹ ከሕፃንነታቸው ጀምረው ይሮጡበታል። አንቺ የት እንዳደግሽ አልነገርሽኝም። ግን ትምህርት ቤት በምን ነበር የምትሄጂው? እኔ በአውቶቡስ ነበር። ለዚያውም አርፍጄ። ፓስፖርቱ አንድ ስለሆነ ሳንባውም አንድ ይሆናል ማለት አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ ብያለሁ። በደብዳቤሽ ውስጥ አንድም ቦታ ላይ «ሯጭ ነኝ» አላልሽም። አልፈርድብሽም። በእኛ ቋንቋ ሯጭ ስንል አትሌት ማለታችን ነው፤ ሜዳሊያ አንገቱ ላይ፣ ባንዲራ ትከሻው ላይ ያለ ሰው። ቀስ ብሎ ለሚሮጥ ሰው ስም የለንም። ሩጫው ግን ስም አለው፤ ሶምሶማ ይባላል። ቃሉን በጣም ነው የምወደው። ሲጠሩት ራሱ አያስቸኩልም። ቀጣዩ ጊዜ «ትሮጫለሽ አሉ» ሲሉሽ «ሶምሶማ እሮጣለሁ» በዪ። የሚጠብቁብሽ ነገር ያኔ ይቀንሳል፤ አንቺም ያልሆንሽውን አላልሽም።

አሁን ወደ ልጅሽ።

«ሁለተኛ ያንን ሻሽ አታድርጊው» ያለሽን «አሳፈርሽኝ» ብለሽ ተረጉመሽዋል። ሊሆን ይችላል። ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ልጅሽ ትምህርት ቤት ማይል ሲያስሮጧቸው ስንተኛ ነው የሚወጣው? ጠይቀሽው ታውቂያለሽ?

ይህን የምጠይቅሽ ያለ ምክንያት አይደለም። እዚህ አገር ብዙ ትምህርት ቤቶች በስፖርት ክፍለ ጊዜ ልጆቹን አንድ ማይል ያስሮጣሉ፤ ሰዓትም ይይዛሉ። ኢትዮጵያዊ ስም ያለው ልጅ ደግሞ መነሻው መስመር ላይ ሲቆም ክፍሉ ሁሉ ምን እንደሚጠብቅበት አንቺ ከማንም በላይ ታውቂያለሽ። አንቺ ያንን «ታኮሪናለሽ» አንድ ቀን ነው የሰማሽው። እሱ በየዓመቱ ይሰማው ይሆናል። ባልደረባሽ ያቺን ነገር ስትል፣ ሰዎቹም ሲስቁ እሱ ቆሞ ነበር። ምናልባት ያንን ሳቅ የሰማው ለመጀመሪያ ጊዜ ላይሆን ይችላል። ምናልባት ሻሹን አታድርጊ ያለሽ እንዳይስቁብሽ ብሎ ነው። የ13 ዓመት ወንድ ልጅ «እማ፣ አሳዘንሽኝ» ማለት አይችልበትም። የሚችለው ሻሹን መቆጣት ነው።

ተሳስቼም ሊሆን ይችላል። ልጅሽን የምታውቂው አንቺ ነሽ። ግን ጠይቂው። ፊትሽ ቁጭ አድርገሽ፣ «ና እስቲ እንነጋገር» ብለሽ አይደለም፤ እንደዚያ ካልሽው ይዘጋብሻል። መኪና ውስጥ ይሻላል። ሁለታችሁም መንገዱን ነው የምታዩት፣ ዓይን ለዓይን መተያየት የለም። «ክፍል ውስጥ ኢትዮጵያዊ ስለሆንክ ፈጣን ነህ ይሉሃል?» በዪው። ከዚያ ዝም በዪ። ሬዲዮውን አትክፈቺ። መልሱ «አይ» ቢሆንም ዝም በዪ። ሁለተኛው መልስ ዘግይቶ ይመጣል። ከመጣ ደግሞ መኪና ውስጥ ያለቀስሽውን ልቅሶ ንገሪው። ሁሉንም ባይሆን ጥቂቱን። ይህ ነገር እሱ ላይ ብቻ የደረሰ እንዳልሆነ ይወቅ።

ምክር አብዝቼብሽ ከሆነ ቀሪውን ትተሽ ይህን ብቻ አድርጊልኝ። ሩጫው ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

የባልደረባሽን ነገር በአጭሩ ልለፈው። ክፋት ያላት አይመስለኝም፤ ሳይጠይቁሽ እንደገና የመዘገቡሽም አብረሻቸው እንድትሆኚ ስለሚፈልጉ ነው። ግን አብረሽ በመሳቅሽ ቀልዱ የተስማማሽ መስሏቸዋል። ቀጣዩ ጊዜ ፈገግ ብለሽ «እኛ ከ100 ሚሊዮን በላይ ነን፤ ኃይሌ ግን አንድ ነው» በያት። ካልበቃት «አንቺስ አሜሪካዊት አይደለሽ? እንደ ማይክል ጆርዳን ትጫወቻለሽ?» ብለሽ ጨምሪላት። ይስቃሉ። በዚያኛው ሳቅ አንቺም ከልብሽ ትስቂያለሽ።

የጉልበቱን ውሸት ግን አልወደድኩልሽም። ኃጢአት ነው ልልሽ አይደለም፤ ያደክማል ብዬ ነው። በግንቦት ያመመሽ ጉልበት በሰኔ ስላይጎ ላይ ስትሮጪ ቢያዩሽስ? ሥራ ቦታ ደረጃ ስትወጪ ማነከስ ሊኖርብሽ ነው። መቅረት ከፈለግሽ «ዘንድሮ ለብቻዬ መሮጥ ነው የምፈልገው» ማለት በቂ ነው፤ ሌላ ማስረጃ አይጠይቁሽም። ወይም ውሃ ለማደል በበጎ ፈቃደኝነት ሂጂ፤ እንዲህ ያሉ ሩጫዎች ሁልጊዜ ሰው ያጥራቸዋል። እኔን ከጠየቅሽኝ ግን ሂጂና ሩጪ ነው የምልሽ። የሚያሸንፉትን ሳይሆን ራስሽን ይዘሽ ከሄድሽ ብዙ ነገር ይለወጣል።

ለምሳሌ፣ ያን ቀን እንዴት ነበር የጀመርሽው? ልገምት። ከባልደረቦችሽ ጋር ፊት ላይ ቆመሽ፣ የመጀመሪያውን ኪሎ ሜትር በእነሱ ፍጥነት ሄደሽ፣ ከዚያ ትንፋሽ አጥሮሽ ቀሪውን እየተጎተትሽ ጨረስሽ። ልክ ነኝ? ይህ የሁሉም ጀማሪ ታሪክ ነው። አሁን ከኋላ ቁሚ፤ ከጋሪዎቹ አጠገብ። ብዙ ሩጫዎች ላይ የደረት ቁጥሩ ቺፕ አለው፤ ሰዓትሽ መቆጠር የሚጀምረው አንቺ መነሻውን ምንጣፍ ስትረግጪ እንጂ ፊሽካ ሲነፋ አይደለም። ስለዚህ ዘግይቶ መነሳት የሚያስቀርብሽ ነገር የለም። ሲያልፉሽ ከመዋል አንድ ሁለት ሰው እያለፍሽ መሄድም ደስ ይላል፤ እኔ በበኩሌ አልደብቅም፣ ያስደስተኛል።

ያቺ ጋሪ የምትገፋዋ እናትና ሁለቱ ሽማግሌዎችስ? «ብቻ ናቸው» ብለሽ አለፍሻቸው። ስማቸውን ጠይቀሻቸው ታውቂያለሽ? ከኋላ ያለው ሰው ወሬ ያወራል፣ ትንፋሽ አለውና። በሚቀጥለው ሩጫ ብታገኚያቸው ሰላም በያቸው። የ5 ኪሎ ሜትር ጓደኛ ማለት እነሱ ናቸው።

የቅስቱ ጉዳይ ደግሞ በኢሜይል የሚያልቅ ነው። ለአዘጋጆቹ ጻፊና መጨረሻው መስመር እስከ ስንት ደቂቃ ክፍት እንደሚሆን ጠይቂ። አንዳንዱ ሩጫ ጥብቅ ገደብ አለው፤ ዋሽንግተን ላይ በየኤፕሪሉ የሚካሄደው የቼሪ ብሎሰም 10 ማይል ለምሳሌ በማይል 14 ደቂቃ ነው ገደቡ። አንቺ በማይል ወደ 15 ደቂቃ ነው የሮጥሽው፤ ስለዚህ እሱን ለጊዜው ተይው። የሰፈር 5 ኪሎ ሜትር ግን አብዛኛውን ጊዜ በእግር የሚሄዱትንም ይቀበላል። አስቀድሞ ማወቁ ልብ ያሳርፋል። ሙዝ ደግሞ ከቤት ያዢ።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ሌላ ነገር እንድትሞክሪ እፈልጋለሁ። ፓርክረን የሚባል አለ፤ በ2004 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ የተጀመረ ነው። እዚያው ሜሪላንድ፣ ኮሌጅ ፓርክ ከተማም አለ፤ ለአንቺ ሩቅ አይደለም። ቅዳሜ ጠዋት በአገራችን አቆጣጠር 3 ሰዓት ላይ፣ 5 ኪሎ ሜትር፣ በነፃ። የማኅበር ጓደኞችሽም «ገንዘብ ይከፈላል?» ማለት አይችሉም። ከሁሉም የወደድኩለት ነገር አንድ በጎ ፈቃደኛ ሁልጊዜ መጨረሻ ሆኖ መሄዱ ነው። ሥራው ያ ነው፤ ከሁሉም ሰው ኋላ መሆን። ስለዚህ መጨረሻ ልውጣ ብትዪ እንኳ ቦታው ተይዟል። ሁለት ሦስት ቅዳሜ ብቻሽን ሄደሽ ሞክሪው። የሚያውቅሽ የለም፣ የሚጠብቅብሽ የለም። ልጅሽ ልምጣ ካለ ይምጣ። ካላለ አትጎትቺው።

ልምምዱን በሳምንት ሦስት ቀን ብታደርጊው ይበቃል። ሁለት ደቂቃ ሶምሶማ፣ አንድ ደቂቃ እርምጃ፣ እንደገና ሁለት ደቂቃ ሶምሶማ እያልሽ ሂጂ። ይህ ማጭበርበር አይደለም። ዘዴውን ለዓለም ያስተዋወቀው ጄፍ ጋሎዌይ የሚባል አሜሪካዊ ነው። በ1972 እ.ኤ.አ. በሙኒክ ኦሊምፒክ፣ የእኛው ምሩጽ ይፍጠር ነሐስ ባገኘበት በ10 ሺህ ሜትር ውድድር ለአገሩ ሮጧል። እሱ እረፉ ካለ እኛ ማን ነን? ፍጥነትሽ ልክ መሆኑን ለማወቅ ደግሞ መዝሙር አንጎራጉሪ። ግጥሙ ከተቆራረጠብሽ ፈጥነሻል። እሁድ ከቅዳሴ መልስ የስላይጎ ክሪክ አውራ መንገድ ከፊሉ ለመኪና ዝግ ስለሚሆን ሰፊ አስፋልት ለብቻሽ ታገኚያለሽ።

ጾሙን አትፍቺ አልልሽም። ግን ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ሐኪምሽን አነጋግሪ፤ በተለይ የስኳር መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ። እስከ 9 ሰዓት ሳትበዪና ሳትጠጪ ውለሽ፣ ሽማግሌ ስታነሺና ስታስተኚ ቆይተሽ፣ በዚያ ላይ መሮጥ ራስሽን ሊያስትሽ ይችላል። በእነዚያ ሳምንታት ሩጫውን ወደ ማታ አምጪው፣ ትንሽ ቀምሰሽ፣ ውሃ ጠጥተሽ። ሺፍት ያደከመሽ ቀን በእግር መሄድ ብቻ ይበቃል። ፍጥነት ከፋሲካ በኋላም ይደረስበታል።

ኧረ አንድ ነገር ልረሳ ነበር። ከ6.3 ወደ 5.8። ይህን ከሻሹ፣ ከቅስቱ፣ ከሙዙ ሁሉ ባነሰ ቦታ በአንድ መስመር ጻፍሽው። 46 ደቂቃውን ግን እንደ ወንጀል ተናዘዝሽው። ሐኪምሽ የነገረሽን ያንን ጫፍ አስቢው። እናትሽ ወይም አባትሽ ስኳር ነበረባቸው? እዚያ መንከባከቢያ ቤት ውስጥ እግራቸውን ያጡትን ሰዎች ካልሲ የምታለብሺው አንቺ ነሽ። ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ።

ሻሹን በተመለከተ ልጅሽን ካነጋገርሽው በኋላ ወስኚ። ማድረግም፣ አለማድረግም፣ ለእሱ መስጠትም ይቻላል። ለጊዜው ከመኪናው ኋላ ኪስ አውጪና እጠቢው፤ እዚያው እንዳለ ይሰማኛል።

ለባልደረቦችሽ ደግሞ ዛሬውኑ መልእክት ላኪላቸው። ከሩጫው በኋላ ቡና የት እንደሚጠጣ ከአሁኑ ይወሰን። አስቀድመው የሚደርሱት እነሱ ናቸውና ወረፋውን ይያዙ፤ ያንቺን ማኪያቶ አዝዘው ይጠብቁሽ።